አጥር፥ ድንበርና ፈቃድ በይፋግና በፎገራ ሜዳ

አጥር የሚለው ቃል ከግዕዙ ሐጸረ ጋራ አንድ ሥር ያለው ነው፤ ትርጓሜውም መክበብ፥ መከለል ማለት ነው። ቅጥር የሚባለውም ቃል የግዕዙ ቅጽር ነው። ሁለቱ በዕለት ንግግር ቢቀራረቡም በማዕርግ ይለያያሉ። ቅጥር ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት የሚነገር ክብር ያለው ከለላ ሲሆን፥ አጥር ግን ባላገሩ በምሳሩ ቈርጦ በእጁ የሚያቆመው የእሾህ፥ የቁልቋል፥ የቅንጭብ ወይም የድንጋይ ካብ ነው። ሦስተኛው ቃል ድንበር ነው። አጥር በዓይን ይታያል፤ ድንበር ግን የሚያውቀው ሰው ካልመሰከረለት አይታይም። የአጥር ታሪክ እንግዲህ የሚታየው አጥር ለማይታየው ድንበር እንዴት እንደ ታመነ ወይም እንዳልታመነ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

በአሁኑ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሞች ቦታውን ለማጠር የሚፈልግ ባለይዞታ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ይህን ከውጭ የመጣ እንግዳ ሥርዓት አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን በዚህ አገር አጥር ያለ ፈቃድ ሲታጠር የኖረ አይደለም። የተለወጠው ፈቃጁ ነው። ቀድሞ ጎረቤትና ሽማግሌ ይፈቅዱት የነበረውን ዛሬ መሥሪያ ቤት ይፈቅደዋል። ይህ ለውጥ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጐደለ ለማየት የይፋግ፥ የወረታና የፎገራ ሜዳ አገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ አገር ርስትም፥ ገበያም፥ የወል ግጦሽም፥ አዲስ ከተማም በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. አገሩና አሰፋፈሩ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 1800 ሜትር ገደማ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በየክረምቱም ደለል እያመጡ ያለብሱታል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቤት የሚሠራው ከሜዳው ከፍ ባለው ጕብታና በተራራው ግርጌ ነው። ሜዳው ግን ለብዙ ዘመን ከሁሉ በላይ የከብት ነበረ፤ የፎገራ ከብት የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው። ወረታ የጎንደር፥ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙበት ላይ ያደገች ከተማ ናት። ይፋግ ደግሞ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አቅጣጫ፥ በሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ትገኛለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የተጓዙ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉላት የታወቀች የገበያ ስፍራ ነበረች።

አሰፋፈሩ ራሱ ያልተጻፈ ደንብ ነበረው። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ በቅጽሩ ውስጥ፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ መንደሩ፤ ከመንደሩ ጀርባ ጓሮው፤ ከዚያ ማሳው፤ ከሁሉ በታች ግጦሹና ረግረጉ ይከተላሉ። በቅጽር ውስጥ ማንም ቤት አይሠራም። በገበያ ሜዳ ላይ ማንም አያጥርም። ወደ ውኃ የሚወስደውን መንገድ ማንም አይዘጋም። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የቦታ አጠቃቀም ምደባ የሚሉትን ነገር ባላገሩ በልማድ ይዞት ኖሯል። ልዩነቱ ካርታው በወረቀት ላይ ሳይሆን በአዛውንት ትዝታ ላይ መሣሉ ነው።

፪. አጥርና ርስት

በጌምድር እንደ ጎጃምና እንደ ትግራይ የርስት አገር ነበረ። ርስት ማለት መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው ዋና አባት በአባትም በእናትም ወገን እየተቈጠረ የሚወርድ የመሬት መብት ነው። አለን ሆበን የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በጎጃም በዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ አንድ ሰው ከብዙ ዋና አባቶች ሊወለድ ስለሚችል በብዙ ስፍራ መብት ሊኖረው ይችላል፤ ሌላውም ዘመድ በእርሱ ይዞታ ላይ መጥቶ ድርሻዬን ሊል ይችላል። በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ ሲለካ፥ እነዚህ የርስት አገሮች ሳይለኩ ኖረዋል። ለዚህም ምክንያቱ መሬቱ በልክ ሳይሆን በትውልድ የሚያዝ መሆኑ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥርዓት አጥር ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነበረ። ማሳ አይታጠርም፤ ድንበሩ ያልታረሰ ጠባብ መስመር፥ የተተከለ ድንጋይ ወይም አንድ ዛፍ ነው። የሚታጠረው ቤቱና ጓሮው ነው። ጓሮ በአመድና በፍግ የሚደልብ፥ ጎመን፥ በርበሬና ጌሾ የሚበቅልበት የእመቤቲቱ ስፍራ ነው። ጓሮን ማጠር ከከብትና ከአውሬ መጠበቅ ነው፤ ማሳን ማጠር ግን ዘመድን ከርስት መከልከል ይመስላል። ስለዚህ አጥሩን ወደ ማሳው የሚያሰፋ ሰው እሾህ ብቻ ሳይሆን ክስም ይተክል ነበር።

ክርክር ሲነሣ አጥሩ ራሱ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱ ወገኖች ሽማግሎች ይመርጣሉ። አዋሳኞች ይጠራሉ። ድንበሩን የሚያውቅ ምስክር በመሐላ ታስሮ መሬቱን እየረገጠ ያሳያል። መሐላው ቀላል ነገር አልነበረም፤ በኦሪት ዘዳግም የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈልስ ሰው ከተረገሙት ጋራ ተቈጥሯልና። ሽማግሎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነገሩ ወደ ጭቃ ሹሙና ወደ ዳኛው ይሄዳል፤ እዚያም ቢሆን የሚሰማው ያው ምስክር ነው። ከዚህ የሚታየው፥ በርስት ዘመን የአጥር ፈቃድ ማለት የአዋሳኝ ዝምታ ነበረ። ጎረቤት ዝም ካለ አጥሩ ይጸናል፤ ከጮኸ ይፈርሳል።

አጥር ደግሞ ዘመንን ብቻ ሳይሆን ወቅትንም ይከተል ነበር። እህል በማሳ ላይ ሳለ እረኛ ከብቱን ይጠብቃል፤ ከብቱ ሰብል ቢያጠፋ ባለቤቱ ይክሳል። አዝመራው ተሰብስቦ ከተነሣ በኋላ ግን የአጨዳው ተረፍ የሁሉም ይሆናል፤ የማንም ከብት በማንም ማሳ ላይ ይግጣል። እንግዲህ አንዱ መሬት በክረምት የአንድ ሰው፥ በበጋ የመንደሩ ነው ማለት ነው። የማያቋርጥ አጥር የሚያጥር ሰው ከመንደሩ የሚወስደው መሬቱን ሳይሆን ወቅቱን ነው።

፫. ከላይ የመጣ ምደባ

ቦታን በትእዛዝ መመደብ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡ ሰፈር እንዴት እንደሚተከል ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን በመጋረጃ አጥር ይከበባል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፥ ዳኞቹ፥ መኳንንቱና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ ስፍራ አላቸው፤ ሰፈሩ ሲነሣና ሌላ ቦታ ሲተከል ሥርዓቱ አይለወጥም። ከተማ የሚለው ቃል አስቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት መሆኑም ይህንኑ ያስረዳል።

ሰፈሩ በጎንደር በድንጋይ ሲተከል ምደባውም ጸና። ዐፄ ፋሲለደስ የጀመሩት ግቢ 900 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የግንብ ቅጥር ተከበበ። በተከታያቸው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ፥ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ፤ ትእዛዙም እ.ኤ.አ. በ1678 ተደገመ። በዚያው ከተማ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ለሸሸ ሰው መጠጊያ ነበረ። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ምደባ የሚለይም የሚያድንም መሣሪያ እንደ ሆነ ያሳያሉ። አንዱ ትእዛዝ ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ ሌላው መስመር ደግሞ አሳዳጅ እንዳያልፈው ተከበረ።

ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን በያዙበት ጊዜ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው መሐንዲስ የከተማውን ፕላን አወጣ። የዚህም ፕላን ዋና ሐሳብ የጣልያኖቹን መኖሪያ ከአገሬው ሰው መለየት ነበረ። በዮሐንስ ዘመን የሃይማኖት የነበረው ልዩነት በፋሺስት ዘመን የዘር ሆነ። በኢትዮጵያ ብዙ ባላገር ከተማ ፕላን ሲባል የሚጠራጠርበት አንዱ ምክንያት ይህ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም።

፬. ከምስክር ወደ ወረቀት

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 በአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝ፥ እንዲሸጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ አወጡ፤ ለባለቦታውም የምስክር ወረቀት ይሰጠው ጀመር። በዚህ ጊዜ ወረቀት የሽማግሌን ቦታ ያዘ። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ቍጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በአንደኛው ሠንጠረዥ፥ ሌሎችን ከተሞች በሁለተኛው ሠንጠረዥ አስገብቶ የከተማ ሥራን በሕግ አቋቋመ። በርስት አገር መካከል ያሉት ከተሞች ከዚያ ወዲያ ሁለት ሕግ ያላቸው ሆኑ። ከከተማው ክልል ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ፥ ከክልሉ ውጭ ርስቱ ይገዛ ነበር።

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጎረቤታሞች አስፈላጊ የሆኑ ድንጋጌዎችን አመጣ። ቍጥር 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያስቸግር ይከለክላል፤ ጢስ፥ ጥላሸት፥ ክፉ ሽታና ጩኸት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም። ቍጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ይፈቅዳል። ልብ ሊባል የሚገባው የእነዚህ ድንጋጌዎች ሐሳብ ለሽማግሌ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ጕርብትናን መለኪያ ማድረግና ነገር ሳይሻግት ቶሎ መክሰስ ከሕጉ በፊት የታወቁ ነበሩ።

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ግን መሠረቱን ነካው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፥ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በከተማ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለት ቀበሌ፥ ተቋቋመ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። በዚያው አንቀጽ ግን ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ማሻሻያ የራሱ እንደ ሆነ ተደነገገ።

ይህ ድንጋጌ አጥርን አስደናቂ ነገር ያደርገዋል። አጥሩ የአጣሪው ነው፤ የቆመበት መሬት ግን የእርሱ አይደለም። በርስት ዘመን መሬቱ የትውልዱ ነበረ፤ በዚህ ዘመን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በሁለቱም ዘመን አጣሪው የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ የራሱን አጥር ያቆማል፤ ስለዚህም በሁለቱም ዘመን የሌላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ፈቃዱ የሚሰጥበት መንገድ በኋለኞቹ ሕጎች ተዘረዘረ። የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቍጥር 574 በ2000 ዓ.ም. ወጣ። የሕንጻ ዐዋጅ ቍጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ተከትሎ የሕንጻ ሹም የሚባለውን ሥልጣን አቋቋመ፤ ከግንባታ በፊትም የፕላን ስምምነትና ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ። በአሠራሩ ባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫውን ያቀርባል፤ ባለሙያው ቦታውን አይቶ መስመሩ ከመንገድና ከጎረቤት ይዞታ ጋራ አለመጋጨቱን ያጣራል፤ ከዚያ ፈቃዱ ይሰጣል። ይህ ዐዋጅ በዋናው ዐሥር ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የታሰበ ስለ ሆነ፥ ትንንሾቹ የገበያ ከተሞች በልማድና በሕግ መካከል ቈይተዋል። በዚህ ምክንያት እንደነዚህ ባሉ ከተሞች የሽማግሌ ቃልና የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ጎን ለጎን ሲሠሩ ይገኛሉ።

፭. ሩዝ፥ ጐርፍና የወል ግጦሽ

በፎገራ ሜዳ የአጥርን ነገር ያከበደው ግን የከተማ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ሩዝም ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሜዳው በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ከጊዜ በኋላ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ ያዘ። ቀድሞ ለእርሻ የማይመች ተብሎ ለከብት የተተወው ረግረግ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ማሳ ሆነ። የወል ግጦሹ እየታረሰ ጠበበ። ሩዙ ሳይታጨድ በእርጥበቱ ላይ ጓያ ስለሚዘራ፥ የአጨዳው ተረፍ ለመንደሩ ከብት የሚከፈትበት ጊዜም አጠረ። የፎገራ ከብት የሚኖርበት ወቅት በእህል ታጠረ ማለት ይቻላል።

ይህ ለውጥ የእንግሊዝን የመሬት ማጠር ታሪክ ያስታውሳል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፓርላማው በየመንደሩ ሕግ እያወጣ የወል መሬቱን አሳጠረ፤ አዝመራ በዛ፥ በወል ግጦሽ ላይ አንዲት ላም ብቻ የነበረችው ድኻ ግን ከመንደሩ ወጣ። ፎገራ ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። በእንግሊዝ አጥሩ በሕግ ተተከለ፤ በፎገራ ግን ማረሻ ሕግን ቀደመ። የተጐዳው ወገን ግን ይመሳሰላል፤ እርሱም መሬት ያልደረሰው ወጣት፥ ብዙ ከብት ያለው እረኛና ጥጃዋን በወል ሜዳ የምታሳድግ መበለት ነው።

ውኃም የራሱን ሕግ ያወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቀሉ። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የእሾህ አጥር ውኃውን ያሳልፋል፤ የግንብ አጥርና የአፈር ክትር ግን ወደ ጎረቤት ይመልሰዋል። እንግዲህ በወንዝ ዳር አጥር የሚያጥር ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ የሚገባው ከአዋሳኙ ብቻ ሳይሆን ከታች ካለው መንደር ሁሉ ነው። ይህን ደግሞ አንድ ጎረቤት ብቻውን ሊፈርደው አይችልም። መሥሪያ ቤት ከሽማግሌ የሚሻልበት ስፍራ ይህ ነው።

፮. የከተማ ጠርዝ

ወረታ በቻይና ርዳታ የተሠራው የወልዲያ መንገድ መነሻ ከሆነች ወዲህ ከተማነቷ ሰፋ። ከተማ ሲሰፋ የገበሬ ማሳ የከተማ ቦታ ይሆናል፤ በዚያ ጠርዝ ላይ አጥር ትርጕሙን ይለውጣል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ጠርዝ ላይ አንድ ሰው በሌሊት እንጨት ተክሎ፥ ቆርቆሮ አልብሶ ያድራል፤ ሕዝቡም የጨረቃ ቤት ይለዋል። በዚህ አኳኋን የሚታጠር አጥር ከብት የሚከለክል ወይም ጓሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ ገና ላልተጻፈ ወረቀት የተተከለ ማመልከቻ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ ዐዋጅ ቍጥር 721 ሰነድ አልባ ይዞታዎች ወደ ሥርዓት የሚገቡበትን መንገድ ሲያነሣ ይህ ነገር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ አመነ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቍጥር 818 የከተማ ይዞታ ተለክቶ እንዲመዘገብ አዘዘ።

በገጠሩ በኩል የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 46፥ ኋላም በ1998 ዓ.ም. በቍጥር 133፥ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. በቍጥር 252 የመሬት ይዞታ ሕግ አወጣ። በምዝገባው የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጻፈ። ይህም አጥሩን ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት ታጣ ለነበረችው ሴት ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርስዋ ወረቀቱ ከሽማግሌ ቃል ይልቅ ጠበቃ ሆኗታልና። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር እንዴት እንደ ተሞላ ማየት ይገባል። ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ በማሳው ላይ ቆመ፤ አዋሳኞች ተጠሩ፤ በደብተሩም ላይ በምሥራቅ እገሌ፥ በምዕራብ እገሌ፥ በሰሜን እገሌ፥ በደቡብ እገሌ እየተባለ የጎረቤቶች ስም ተጻፈ። ወረቀቱ ሽማግሌውን አላስወጣውም፤ ስሙን መዝግቦ አስቀመጠው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በይፋግና በፎገራ አገር አጥር ብቻውን መብት ሆኖ አያውቅም፤ መብት የሚሆነው ሌላው ሰው ሲያጸድቀው ነው። የጎረቤት ፈቃድ ብቻውን ሲሠራ ድንበር ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን መበለቲቱ፥ መጻተኛውና ከታች ያለው መንደር ሰሚ አልነበራቸውም። የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለእነዚህ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ማሳውን ሳይረግጥ በካርታ ብቻ ከፈቀደ፥ አጥሩ በወረቀት ጸንቶ በመንደር ሲፈርስ ይኖራል። በተለይም የወል የነበረው መሬትና የወል የነበረው ወቅት በማንም ደብተር ላይ አዋሳኝ ሆነው ካልተጻፉ፥ ስለ እነርሱ የሚጮኽ ጎረቤት አይኖርም። ስለዚህ የአጥር ሕግ በሚወጣበትና በሚመረመርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው የአጥሩ ቁመት ወይም የተሠራበት ነገር አይደለም። አስቀድሞ የሚጠየቀው አጥሩ ሲዘጋ በውጭ የሚቀረው ማን እንደ ሆነና እርሱም ሲፈቀድ ተጠይቆ እንደ ነበረ ነው።